ያውቁ ኖሯል? «ኮፒስ» የሚለው ግስና የጎፋው አጠና

«ኮፒስ» ከደን ባለሙያዎች በቀር እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችም እምብዛም የማይጠቀሙበት ግስ ነው። ዛፍን ከመሬት ጥቂት ከፍ አድርጎ መቁረጥና ከጉቶው ዳግም እንዲያቆጠቁጥ መተው ማለት ነው። በአማርኛ የሚያቆጠቁጠው ዛፉ ነው፤ በእንግሊዝኛው ግን «ኮፒስ» የሚያደርገው ቆራጩ ሰውም ሊሆን ይችላል።

አዲስ አበባ፣ ጎፋ ሰፈር ውስጥ በጅምር ሕንፃዎች ዙሪያ የሚቆመው ቀጥ ያለ የባሕር ዛፍ አጠና ብዙ ጊዜ የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው። ከአንድ ጉቶ በርካታ ቀንበጦች ይወጣሉ፤ ጎበዝ ገበሬ ሁለት ሦስቱን አስቀርቶ ሌላውን ይመለምላል። ሥሩ የቆየ በመሆኑ ቀንበጡ ከችግኝ ይልቅ ፈጥኖ ይመዘዛል። በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ማገዶ አጥሮ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር፤ አዲስ አበባ በቦታዋ እንድትጸና ትልቅ ድርሻ ያለው ይኸው እየተቆረጠ የሚያቆጠቁጥ ዛፍ ነው።