ከሳሹ በተከሳሹ እጅ ሲሆን

ሁለት ጎረቤታሞች በወሰን ቢካሰሱ ሁለቱም ከየቤታቸው ተነስተው ችሎት ይቀርባሉ። እስረኛ ማረሚያ ቤቱን ሲከስ ግን ከሳሹን የሚያመጣው ተከሳሹ ነው። መኪናው፣ አጃቢው፣ እስረኛው የታከመበት የክሊኒክ ካርድ፣ ምስክር የሚሆኑት የእስር ክፍል ጓደኞቹ ሁሉ በተከሳሹ ቁጥጥር ሥር ናቸው። የእስረኛ ክስ «ውድቅ ሆነ» ሲባል ይህ ሊዘነጋ አይገባም።

መብቱ በወረቀት ላይ ግልጽ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 21 ለታሰረ ሁሉ ሰብዓዊ ክብሩን የሚጠብቅ አያያዝን፣ በቤተሰቡ፣ በሐኪሙ፣ በሃይማኖት አባቱና በጠበቃው መጎብኘትንም ይፈቅዳል። አንቀጽ 37 ደግሞ ፍርድ ቤት የመሄድ መብት ይሰጠዋል።

መንገዱ ሁለት ነው። ቂርቆስ ውስጥ፣ ካዛንቺስ 6ኛ ፖሊስ ጣቢያ የተያዘ ሰው፣ የጉዞ ጊዜ ሳይቆጠር፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ካልቀረበ እሱ፣ እሱ ካልቻለም ስንቅ ይዛ የምትመላለሰው እናቱ፣ በቃለ መሐላ የተደገፈ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ ማስገባት ትችላለች። ሥርዓቱ በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 177 ጀምሮ ተደንግጓል። ዳኛው ታሳሪው እንዲቀርብ፣ የተያዘበትም ምክንያት እንዲነገር ያዛል። መያዙ ሕጋዊ መሆኑ ከታየ አቤቱታው ይዘጋል።

ቃሊቲ ወይም ቂሊንጦ ያለ እስረኛ «ተደበደብኩ፣ ሕክምና ተከለከልኩ» ብሎ ካሳ ሲጠይቅ ሌላ መንገድ ይከተላል። ተከሳሹ ወደ ፍሬ ነገሩ ሳይገባ መቃወሚያ ሊያነሳ ይችላል፦ ፍርድ ቤቱ ሥልጣን የለውም፤ የክስ ምክንያት የለም፤ ክሱ በይርጋ ታግዷል። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሳ የሚጠየቀው በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143 መሠረት በመርህ ደረጃ በ2 ዓመት ውስጥ ነው። ወረቀትና ጠበቃ ለማግኘት ለሚቸገር እስረኛ ይህ ጊዜ ቶሎ ያልቃል። መቃወሚያው ከጸና መዝገቡ ይዘጋል፤ ድብደባው ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ግን ጭራሽ አልተመረመረም።

ከሁሉም የሚከፋው በቀጠሮ ቀን አለመቅረብ ነው። በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 73 ከሳሽ ቀርቶ ተከሳሽ ቀርቦ ከካደ ክሱ ይሰረዛል። በቂ ምክንያት ያለው ከሳሽ በ1 ወር ውስጥ እንዲነሳለት ማመልከት ይችላል፤ ማመልከቻውም የሚወጣው በዚያው በማረሚያ ቤቱ በር ነው።

የፍርድ ቤት ትእዛዝና የእስር ቤት በር ምን ያህል ሊራራቁ እንደሚችሉ አገሩ አይቷል። በ1993 ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በዋስ እንዲወጡ አዘዙ፤ አቶ ስዬ ግን ወዲያው ተመልሰው ተያዙ። ዳኛዋ ራሳቸው፣ ፖለቲከኛ ከሆኑ በኋላ፣ ከታኅሣሥ 2001 እስከ መስከረም 2003 ታሰሩ፤ የመጀመሪያዎቹን ወራት ያሳለፉትም ለብቻቸው ተነጥለው ነው። የተባበሩት መንግሥታት የዘፈቀደ እስር የሥራ ቡድን እስራቸው የዘፈቀደ እንደሆነ ወስኗል።

ሌላ አሠራርም አለ። የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሱኒል ባትራ ጉዳይ፣ አንድ እስረኛ ሌላ እስረኛ መሰቃየቱን የገለጸበትን ደብዳቤ እንደ አቤቱታ ተቀብሎ መርምሯል።

ስለዚህ የእስረኛ ቤተሰብ «ውድቅ ሆነ» ሲባል የብይኑን ግልባጭ ይጠይቅ፤ ምክንያቱን ያንብብ፤ የይግባኙ 60 ቀን እንዳያልፍበት ይቁጠር። ዳኛውም «ከሳሽ አልቀረበም» ብሎ መዝገቡን ከመዝጋቱ በፊት፣ ለምን እንዳላቀረበው ማረሚያ ቤቱን ይጠይቅ።