«ሲንስ» ወይስ «ቢኮዝ»? ጊዜና ምክንያት በምርምር ጽሑፍ
ከጂንካ ተነሥቶ በታችኛው ኦሞ የሚያጠና ተመራማሪ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውን የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ጠቅሶ፣ ወንዙ ሞልቶ ሲመለስ በሚተወው ደለል ላይ የሚካሄደው እርሻ «ግድቡ ከተመረቀ ወዲህ ቀንሷል» ሊል ፈልጎ በእንግሊዝኛ «ሲንስ» ብሎ ይጽፋል እንበል። አማርኛ «ከተመረቀ ወዲህ» እና «ስለተመረቀ» ብሎ ጊዜንና ምክንያትን በቅርጽ ይለያል፤ «ሲንስ» ግን ሁለቱንም ይሸከማል። ስለዚህ ጸሐፊው የዘገበው ቅደም ተከተልን ብቻ ሆኖ ሳለ አንባቢው የመንሥኤነት ድምዳሜ ያነብበታል። የኩራዝ ስኳር ልማትና የዝናብ መዋዠቅ ጭምር በሚነሡበት አካባቢ ይህ ቀላል ስሕተት አይደለም። «አዝ»ም እንዲሁ «ሲቀንስ»ን ከ«ስለቀነሰ» ያደባልቃል።

መንሥኤውን በማስረጃ ያረጋገጠ ጸሐፊ «ቢኮዝ» ይበል፤ «ለምን?» ለሚል ጥያቄ በቀጥታ የሚመልሰው እርሱ ነው። «ሲንስ» አንባቢው አስቀድሞ ለሚያውቀው ምክንያት ይስማማል። («ፎር» በ«ሞልቷልና» ላይ ወዳለው «‑ና» ይቀርባል፤ ዛሬ ግን በምርምር ጽሑፍ እምብዛም አይገኝም።) ጊዜን ብቻ የሚሻ ጸሐፊ ከ«ሲንስ» ቀጥሎ ግስ ያለበትን ሐረግ ትቶ ዓመቱን ብቻ ቢጽፍ አሻሚነቱ ይወገዳል።