ሽንት ቤት ከመቆፈሩ በፊት አፈሩ ይጠየቅ

የዛሬው ርዕሳችን ምግብ እየበሉ የሚነበብ አይደለም፤ ቢሆንም መነሳት አለበት። ጁባ ከተማም ይሁን ወጣ ብሎ ጎሮም፣ ሽንት ቤት ወይም ሴፕቲክ ታንክ ሊሠራ ሲታሰብ መጀመሪያ የሚጠየቀው "ስንት ከረጢት ሲሚንቶ ይፈጃል?" ነው። ስለ አፈሩ የሚጠይቅ ሰው ብዙም አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ2014 ጁባ ውስጥ ኮሌራ ገብቶ ነበር፤ በኦክቶበር 2024 ደግሞ የደቡብ ሱዳን መንግሥት ወረርሽኝ መነሳቱን እንደገና አሳውቋል። ስለዚህ ጉዳዩ የግንበኛ ብቻ አይደለም።

ብዙ ሰው ቆሻሻውን የሚያጸዳው ታንኩ ይመስለዋል። አይደለም። ታንኩ ዝቃጩን ከታች ያስቀራል፣ ቅባቱን ከላይ ያንሳፍፋል፤ ከመሃል የሚወጣው ውሃ ግን ጀርሙን እንደያዘ ነው። የማጣራቱን ሥራ የሚሠራው ከማስረጊያው ጉድጓድ ሥር ያለው አፈር ነው። ውሃው በአፈሩ ቅንጣቶች መሃል ቀስ ብሎ ሲወርድ ጀርሞቹ ተጣብቀው ይቀራሉ፣ ይሞታሉ። ይህ የሚሆነው ግን አፈሩ በውሃ ካልተሞላ ብቻ ነው፤ ከተሞላ ጀርሙ ከውሃው ጋር ሩቅ ይሄዳል። ናይትሬት የሚባለውን ንጥረ ነገር ደግሞ ጥሩ አፈርም ቢሆን እምብዛም አያስቀረውም፤ ለጨቅላ ሕፃናት አደገኛ ነው።

አፈር ሁሉ አንድ አይደለም። ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በዝናብ ያብጣል፣ ውሃም አያሳልፍም፤ ስለዚህ ፍሳሹ ወደ ላይ ይገነፍላል። ንጹህ አሸዋና ጠጠር በተቃራኒው ሳያጣራ ይለቀዋል። የሚፈለገው በሁለቱ መካከል ያለው ነው። ከሁሉም የሚያሳስበው ግን የተሰነጠቀ ዓለት ነው። ጁባ የተቀመጠችው አናቱ በፈራረሰ ጥንታዊ ዓለት ላይ ስለሆነ፣ ቆፋሪው ድንጋይ ሲያገኝ "ጠንካራ መሠረት ነው" ብሎ ደስ ቢለውም፣ በስንጥቁ የገባ ፍሳሽ ሳይጣራ የከርሰ ምድር ውሃ ጋ ሊደርስ ይችላል።

ይህንን ተማሪዎች ራሳቸው ሊሞክሩት ይችላሉ። በመጀመሪያ አፈሩን በእጅ አርጥቦ ማድቦልቦል ነው፤ እንደ ሊጥ ተሳስቦ ረጅም ከሆነ ሸክላው ብዙ ነው፣ ወዲያው ከተበተነ አሸዋ ነው። ቀጥሎ ስፋቱ 30 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ጉድጓድ ማስረጊያው ይደርስበታል እስከተባለው ጥልቀት ይቆፈራል። ውሃ ሞልቶ ማሳደር ግድ ነው፤ ደረቅ አፈር መጀመሪያ ላይ ውሃውን ጭልጥ አድርጎ ያታልላል። በማግስቱ እንደገና ውሃ ይጨመርና በማስመሪያና በሰዓት ይለካል። በአሜሪካ ብዙ ግዛቶች በሚሠራበት ልክ፣ 2.5 ሳንቲ ሜትር ለመውረድ ከ60 ደቂቃ በላይ ከፈጀ አፈሩ ለማስረጊያ አይሆንም፤ ከ1 ደቂቃ በታች ከሆነም ከመጠን በላይ ፈጥኗል።

ቀጥሎ የውሃው ጥልቀት ነው። ስፌር የሚባለው የሰብዓዊ ዕርዳታ መመሪያ የጉድጓዱ ወለል ከከርሰ ምድር ውሃ ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ እንዲል፣ ከውሃ ጉድጓድም ቢያንስ 30 ሜትር እንዲርቅ ይመክራል፤ ስንጥቅ ዓለት ባለበት ደግሞ ርቀቱ ይጨምራል። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው በበጋ ለክቶ ስለሚተማመን ነው። ጁባ ዝናቡ ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ስለሚዘንብ ውሃው ከፍ ብሎ የሚገኘው ወደ መጨረሻው ነው። እስከዚያ መጠበቅ ካልተቻለ የተቆፈረውን ግድግዳ ማየት ነው፤ ግራጫ መሬት ላይ ዝገት የመሰለ ነጠብጣብ ካለ ውሃው በየዓመቱ እዚያ ድረስ እንደሚመጣ ይጠቁማል።

"30 ሜትር ካራቅን በቃ" ለሚሉ ደግሞ አንድ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመው በዚህ ጥናት ጁባ ውስጥ 147 የከርሰ ምድር ውሃ መገኛዎች ተመርምረው በ66 በመቶው ላይ ከዓይነ ምድር ጋር የተያያዘ ባክቴሪያ ተገኝቷል። ብክለቱ የተያያዘው ባለፉት 5 ቀናትና ባለፈው አንድ ወር ከዘነበው ዝናብ ጋር ሲሆን፣ አጠገቡ ሽንት ቤት ከመኖሩ ጋር ግን ግንኙነት አልታየም። አጥኚዎቹ ይበልጥ የጠረጠሩት ከመሬት ላይ ተጠራቅሞ ወደ ውስጥ የሚሰርገውን ቆሻሻ ውሃ ነው። ይህ ማለት የትም ቦታ ቆፍሩ ማለት አይደለም። ሜዳ ላይ መጸዳዳት ከሽንት ቤቱ ይልቅ ጉድጓዱን ሊበክል ይችላል ማለት ነው፤ እነሱም ሽንት ቤት እንዲሠራ ነው የመከሩት።

አፈሩ አይሆንም ከተባለስ? ውሃው ቅርብ ከሆነ ጉድጓዱን ትንሽ ቆፍሮ የቀረውን ከመሬት በላይ በግንብ ማንሳት ይቻላል። ዋልካ ከሆነ ምንም የማያሰርግ ታንክ ሠርቶ በፍሳሽ ማንሻ መኪና ማስመጠጥ ነው፤ ታንኩ በሞላ ቁጥር ግን ገንዘብ ይጠይቃል፣ መኪናው መግባት የሚችልበት መንገድም መኖር አለበት። ይህ ሲሚንቶ ከመገዛቱ በፊት መታሰብ ያለበት ነው።

መምህራን ሙከራውን ከክፍላችሁ ጋር ስትሠሩ ከግንቦት በፊት አንዴ፣ መስከረም ላይ ደግሞ አንዴ ለክታችሁ ሁለቱን ቁጥሮች አስተያዩ። የለካችሁበትንም ጉድጓድ በዚያው ቀን ድፈኑት፤ ሕፃናት ይገቡበታል።