ጥላ የሌለው ቀትር፦ የክረምት ዕረፍትና ከደጃፍ የሚጀምር የሳይንስ ትምህርት

እንደሚታወቀው በአገራችን ትምህርት ቤቶች ሰኔ ሲያልቅ ተዘግተው መስከረም እስኪጠባ ድረስ ተማሪዎች ሁለት ወር የሚያህል ዕረፍት ያገኛሉ። ይህ ጊዜ ለከተማ ልጆች ብዙውን ጊዜ የማጠናከሪያ ትምህርት ወይም የቴሌቪዥን ወቅት ሲሆን፣ በምሥራቅ ጎጃም በባሶ ሊበን ወረዳ በምትገኘው በየጁቤ ዙሪያ ላሉ የገጠር ልጆች ደግሞ ከብት የመጠበቂያና አረም የማረሚያ ወቅት ነው። በሁለቱም ወገን ግን አንድ የጋራ እምነት ይታያል። ይኸውም ትምህርት ከአራት ግድግዳ ውስጥ፣ ከጥቁር ሰሌዳ ፊት ብቻ የሚገኝ ነገር ነው የሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ የየጁቤ ልጅ ከሰፈሩ ብዙም ሳይርቅ ሊያከናውናቸው የሚችላቸውን ሦስት የፊዚክስ ትምህርቶች በማቅረብ ይህ እምነት ለምን መታረም እንደሚገባው ለማስረዳት እንሞክራለን።

ጉዳዩ የመዝናኛ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ትምህርት ቤቶችን ለወራት ዘግቷል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭትም ብዙ ልጆችን ከትምህርት ገበታ አራርቋል። ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ጊዜ ሁሉ ትምህርትም አብሮ የሚዘጋ ከሆነ ኪሣራው ከባድ ነው። የልጁን የመጠየቅና የመለካት ልማድ በሕይወት ለማቆየት ግን አንድ ቀጥ ያለ እንጨት፣ አንድ ሜትርና አንድ ደብተር ለጅምሩ ይበቃሉ።

ቀትር ስንት ሰዓት ነው?

የመጀመሪያው ሙከራ የጥላ ልኬት ነው። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ እንጨት በደልዳላ መሬት ላይ ይተከላል። እንጨቱ ወደ ጎን እንዳያዘነብል ግንበኞች በሚጠቀሙበት ቱምቢ ይረጋገጣል። ቱምቢ ከሌለ በሲባጎ ላይ የታሰረ ድንጋይ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ከዚያም ከቀኑ 5 ሰዓት ከ30 ጀምሮ እስከ 7 ሰዓት ከ30 ድረስ በየአሥር ደቂቃው የጥላው ጫፍ ባረፈበት ቦታ ጠጠር ይቀመጣል፤ ርዝመቱም በደብተር ይመዘገባል። ጥላው እጅግ ያጠረበት ቅጽበት የቦታው እውነተኛ ቀትር ነው። ጥላው በዚያን ጊዜ የሚያርፍበት መስመር ሰሜንና ደቡብን በትክክል ያመለክታል። በዚህ ሥራ ሁሉ የሚታየው ጥላው ነው። ፀሐይን በቀጥታ መመልከት ዓይንን እስከ መጨረሻው ሊጎዳ ስለሚችል ልጆች አስቀድመው ሊነገራቸው ይገባል።

ልጁ መጀመሪያ የሚገረመው ቀትር ስድስት ሰዓት ላይ አለመሆኑን ሲያይ ነው። በየጁቤ በክረምት ወራት ጥላው የሚያጥረው ከ6 ሰዓት ከ30 እስከ 6 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የአገራችን ሰዓት የተቀመረው በምሥራቅ 45 ዲግሪ ኬንትሮስ ላይ ሲሆን፣ ይህ መስመር የሚያልፈው በሶማሌ ክልል ምሥራቃዊ ክፍል ነው። የጁቤ ደግሞ በ37.7 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። መሬት አንድ ዲግሪ ለመዞር አራት ደቂቃ ስለሚፈጅባት፣ የሰባት ዲግሪ ከሩብ ልዩነት 29 ደቂቃ ያህል መዘግየትን ያስከትላል። ጥቂቶቹ ተጨማሪ ደቂቃዎች የሚመጡት መሬት ፀሐይን የምትዞርበት ምሕዋር ፍጹም ክብ ካለመሆኑና ከዛቢያዋ መዘንበል የተነሣ ነው።

ፀሐይ በሰሜን በኩል

ሁለተኛው አስገራሚ ነገር የጥላው አቅጣጫ ነው። እኛ ራሳችን በውጭ አገር የዶክትሬት ትምህርታችንን በምንከታተልበት ጊዜ፣ ፀሐይ በአናት ላይ ቆማ ጥላ የሚጠፋበት ቀን ለባልንጀሮቻችን በመጽሐፍ ሥዕል ላይ ብቻ የሚታወቅ ነገር መሆኑን ታዝበን ነበር። በአውሮፓ አንድም ከተማ ይህን ሊያይ አይችልም። ያፈርነው ግን በራሳችን ነበር። በዚያችው ፀሐይ ሥር አድገን አንድም ቀን ጥላችንን ለክተን አናውቅም ነበርና።

የጁቤ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ10 ዲግሪ ከ10 ደቂቃ ገደማ ትገኛለች። በመሆኑም ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ማለትም ሚያዝያ 8 እና ነሐሴ 20 ገደማ፣ በቀትር ልክ በአናቷ ላይ ታልፋለች። በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል ያለችው የቀትር ፀሐይ ከአናታችን በስተ ሰሜን ስለምትሆን ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል። የአንድ ሜትር እንጨት የቀትር ጥላ ሰኔ 14 ላይ 24 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ሐምሌ 20 ላይ 16 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ በቡሄ ዕለት ነሐሴ 13 ደግሞ 4 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ሆኖ ወደ ደቡብ ያርፋል። ነሐሴ 20 ገደማ ከእንጨቱ ሥር ገብቶ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ወደ ሰሜን ዞሮ እየረዘመ ይሄድና ታኅሣሥ 12 አካባቢ 66 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። የክረምት ሰማይ ብዙ ጊዜ ደመናማ በመሆኑ አንድ ቀን ቢበላሽ ተስፋ ሳይቆርጡ በተከታታይ ቀኖች መለካት ያስፈልጋል። ነሐሴ ላይ ፈጽሞ ካልተሳካ የሚያዝያው ቀን በተሻለ ሰማይ ይመለሳል።

የመሬትን መጠን ከየጁቤ

ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው ምዕት ዓመት ኤራቶስቴንስ የተባለው ሊቅ በሲየኔ፣ ማለትም በዛሬዋ አስዋን፣ ፀሐይ በአናት ላይ በምትሆንበት ቀትር በእስክንድርያ ያለውን የጥላ ማዕዘን በመለካት የመሬትን ዙሪያ አስልቷል። ማዕዘኑ የክብ አንድ ሃምሳኛ ስለነበረ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን ርቀት በሃምሳ አባዛው። ከየጁቤ በታች በጥልቅ ሸለቆው የሚፈስሰው ዓባይ በዚያችው በአስዋን በኩል ማለፉ ለልጆች ሊነገር የሚገባው ነው።

ይህን ሥራ ለመድገም የሚያስፈልገው በሌላ ከተማ የሚኖር ዘመድና ስልክ ብቻ ነው። ሞጣ ከየጁቤ ወደ ሰሜን አንድ ዲግሪ እንኳ የማይሞላ ርቀት ላይ ስለሆነች፣ በአንድ ሜትር እንጨት የሚገኘው ልዩነት 1.6 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ፀሐይ ነጥብ ሳትሆን ግማሽ ዲግሪ የሚሰፋ ገጽ ያላት በመሆኗ የጥላው ጫፍ ወደ አንድ ሴንቲ ሜትር ይደበዝዛል። ስለዚህ ሞጣ ለዚህ ሥራ ቅርብ ናት። ጎንደር ግን ከየጁቤ በስተ ሰሜን 270 ኪሎ ሜትር ያህል በመራቋና ኬንትሮሷም የተቀራረበ በመሆኑ ተስማሚ ናት። ነሐሴ 20 ገደማ በየጁቤ ጥላ ሲጠፋ፣ በጎንደር የተተከለ የአንድ ሜትር እንጨት ወደ ሰሜን የወደቀ የ4.3 ሴንቲ ሜትር ጥላ ይኖረዋል።

ስሌቱም ቀላል ነው። ማዕዘኑ ትንሽ ስለሆነ ጥላው ለእንጨቱ ያለው ንጽጽር፣ በከተሞቹ መካከል ያለው ርቀት ለመሬት ሬዲየስ ካለው ንጽጽር ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ 270 ኪሎ ሜትር በ100 ተባዝቶ ለ4.3 ሲካፈል 6,280 ኪሎ ሜትር ገደማ ይገኛል። ትክክለኛው አማካይ ሬዲየስ 6,371 ኪሎ ሜትር ነው። ጥላውን በግማሽ ሴንቲ ሜትር ብንሳሳት ውጤቱ ከ600 እስከ 900 ኪሎ ሜትር ይዛባል። ልጁ ይህን ስሕተት ራሱ ሲያገኘው፣ ስለ ልኬት ጥንቃቄ በክፍል ውስጥ በቃል ከሚነገረው የበለጠ ይማራል። እንጨቱ ሁለት ሜትር ቢሆን ምን እንደሚለወጥ እንዲያስብ መተው መልካም ነው።

ጅራፍና ነጎድጓድ

በቡሄ ሰሞን የሚጮኸው ጅራፍ ሌላው መምህር ነው። ጅራፍ ከእጀታው ወደ ጫፉ እየቀጠነ ስለሚሄድ፣ ከእጅ የተነሣው እንቅስቃሴ እያደር ያነሰ ክብደት እያገኘ ፍጥነቱን ይጨምራል። በመጨረሻም ጫፉ ከድምፅ በላይ ይፈጥናል። ጩኸቱ ጅራፉ ከምንም ነገር ጋር ተጋጭቶ የሚፈጠር አይደለም፤ ጫፉ አየሩን ሲቀድም የሚወለድ የግፊት ሞገድ ነው።

ነጎድጓድም የግፊት ሞገድ ነው። መብረቅ የሚያልፍበትን አየር በቅጽበት እስከ 30,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ሊያግለው ስለሚችል አየሩ በኃይል ይስፋፋል። ብርሃኑ ወዲያውኑ ሲደርሰን ድምፁ ግን በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ብቻ ይጓዛል። በመሆኑም ከብልጭታው እስከ ድምፁ ያሉትን ሰከንዶች ቆጥረን ለሦስት ብናካፍል የመብረቁን ርቀት በኪሎ ሜትር እናገኛለን።

ይህ ቁጥር ለእረኛ ልጅ ሕይወትን የሚያድን ነው። ቆጠራው ከ30 ሰከንድ በታች ከሆነ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ስለሆነ ሜዳውን መልቀቅ ይገባል። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም 30 ደቂቃ መቆየት ያስፈልጋል። ለብቻው ከቆመ ዛፍ ሥር መጠለል እጅግ አደገኛ ነው። ዛፉን የመታው ኃይል ወደ ሰውም ሊዘል ይችላልና። ከዚህም ሌላ ወደ መሬት የገባው ኤሌክትሪክ በምድር ላይ ሲሰራጭ በተራራቁ እግሮች መካከል የቮልቴጅ ልዩነት ይፈጥራል። በአንድ ዛፍ ሥር የተሰበሰቡ ከብቶች በአንድ ጊዜ የሚያልቁት ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ከኮረብታ ጫፍ መውረድ፣ ከመንጋውና ከሽቦ አጥር መራቅ፣ የኤሌክትሪክና የውሃ መስመር ወዳለው ትልቅ ሕንፃ ወይም ጣሪያው ብረት ወደሆነ ዝግ መኪና መግባት ይመረጣል። የሣር ጎጆ ከዝናብ እንጂ ከመብረቅ ሙሉ በሙሉ አያድንም። መድረሻ ከጠፋ፣ እርግጠኛ መከላከያ ባይሆንም፣ እግርን ገጥሞ መቆንጠጥ አደጋውን ሊቀንስ ይችላል።

ከዓባይ ሸለቆ እስከ ጮቄ

ሦስተኛው ትምህርት የከፍታ ትምህርት ነው። በምሥራቅ ጎጃም ከዓባይ በረሃ፣ ከ1,000 ሜትር ገደማ ተነሥቶ ከ4,000 ሜትር በላይ ወደሚደርሰው የጮቄ ተራራ መውጣት ይቻላል። የአየር ሙቀት በአማካይ በየአንድ ሺህ ሜትሩ በ6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ በሁለቱ መካከል ወደ 20 ዲግሪ የሚጠጋ ልዩነት ይኖራል። አባቶቻችን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ ብለው የከፈሉት ይህንኑ ነው። ውሃም በደብረ ማርቆስ ከፍታ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ንፍሮ ከቆላው ይልቅ በደጋው ዘግይቶ ይበስላል። ጉዞው ባይመች እንኳ ከቆላ የመጣን ዘመድ ንፍሮ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅበት ጠይቆ ከቤት ልኬት ጋር ማነጻጸር ይቻላል።

ለወላጆችና ለመምህራን

ወላጆች መልሱን ቀድመው አይንገሩ። «ነገ ጥላው የት ያርፍ ይመስልሃል?» ብሎ መጠየቅና ግምቱን በደብተር ማስፈር ይበቃል። ክረምት ደራሽ ውሃ የሚበዛበት ጊዜ በመሆኑ ወንዝ ዳር የሚደረግ ማንኛውም ሥራ በአዋቂ ጥበቃ ይሁን። ራቅ ብሎ መሄድ አስተማማኝ ባልሆነበት አካባቢ ደግሞ የጥላው ሙከራ በግቢ ውስጥ ይሠራል። ከክረምት እስከ ክረምት የተሞላ አንድ የጥላ ደብተር መስከረም ላይ ለፊዚክስ መምህሩ ቢቀርብ፣ መምህሩ ስለ መሬት መዞር የሚሰጠውን ትምህርት ከዚያው ከልጁ ልኬት መጀመር ይችላል። አንባብያን ሆይ፣ ነሐሴ 20 ሩቅ አይደለም፤ እንጨቱን ከወዲሁ አዘጋጁ።