በሰም ስንጥቅ መካከል፦ ከጃቫ ባቲክ እስከ ሎሜ ገበያ



በጨርቃ ጨርቅ ንድፍ መነሻ ሐሳብ የምንለው ብዙ ጊዜ ከሥዕል ይጀምራል። ዛሬ ከአሠራሩ ልጀምር። የጃቫ ሴቶች ቻንቲንግ በሚባል ቀጭን አፍ ባለው የመዳብ መሣሪያ የቀለጠ ሰም በጨርቅ ላይ ይሥላሉ። ሰም ያረፈበት ቦታ ቀለም አይጠጣም። ጨርቁ ከተነከረ በኋላ ሰሙ በፈላ ውኃ ይለቃል፤ ለሁለተኛው ቀለም ሥራው እንደገና ይጀመራል፤ አንዳንዱም ወራት ይፈጃል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሆላንድ ፋብሪካዎች ይህን በማሽን አስመሰሉ። ዛሬ ቭሊስኮ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1846 በሄልሞንድ የተመሠረተው፣ አንዱ ነው። በሰም ፈንታ የገባው ሙጫ ግን እየተሰነጠቀ፣ ቀለም በስንጥቁ ሰርጎ የደም ሥር የመሰለ መስመር ይተው ነበር። ጃቫዎች እንደ ጉድለት ቆጠሩት፤ የምዕራብ አፍሪካ ገዢዎች ወደዱት። በሎሜ ገበያ «ናና ቤንዝ» የተባሉት ነጋዴ ሴቶች (ስሙ ከሚገዙት መርሴዲስ የመጣ ነው) ለየንድፉ መጠሪያ እያወጡ ገበያውን ይመሩ ነበር። እንግዲህ የንድፉ ባለቤት ማን ነው? ጃቫዊቷ? ፋብሪካው? ነጋዴዋ?

ጥያቄው ከእኛም ደጅ አለ። ሸማኔ ባለ ቀለም ክር በድሩ መካከል እያሳለፈ የሚያወጣው ጥበብ ዛሬ በማሽን ታትሞ በርካሽ ይሸጣል። ለበዓል ልጆቹን የሚያለብስበትን ገዢ አልወቅስም። ተማሪዬ ግን የሽሮ ሜዳን ጥለት ፎቶ አንሥቶ «ከባህላችን የተወሰደ» ብሎ ሲያቀርብ፣ ማን ሸመነው፣ ከሽያጩስ ምን ይደርሰዋል ብዬ እጠይቃለሁ። መልስ ይዞ እስኪመጣ ድረስ ሥራውን አላርምለትም።