ዳንኤል ክሬግ ለምን ተጠላ፣ ለምንስ ተወደደ?

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2005 ለንደን ከተማ፣ ቴምዝ ወንዝ ላይ፣ አንዲት የባህር ኃይል ፈጣን ጀልባ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰው ይዛ ወደ ዳርቻው ተጠጋች። ሰውየው ዳንኤል ክሬግ ነበር። የመጣውም ስድስተኛው የጄምስ ቦንድ ተዋናይ ሆኖ ከጋዜጠኞች ጋር ሊተዋወቅ ነው። ከሱፉ ላይ ላይፍ ጃኬት ደርቦ ስለነበር፣ ሞትን የማይፈራው ሰላይ ጸጥ ባለ ወንዝ ላይ ጃኬት አጠለቀ ተብሎ መሳለቂያ ሆነ። ቀጥሎ ፀጉሩ ተነሣ፤ ወርቃማ ፀጉር ያለው ቦንድ ታይቶ አያውቅም ተባለ። ቁመቱም ተለካ፤ ከእርሱ በፊት የነበሩት አምስቱ ሁሉ ከ1 ሜትር ከ80 የሚበልጡ ሲሆኑ እርሱ 1 ሜትር ከ78 ገደማ ነው። ፊቱም አልተረፈም፤ ከሰላይ ይልቅ ወሮበላ ይመስላል ያሉ ነበሩ። አንዳንድ አድናቂዎች ፊልሙን ማንም እንዳያየው ዘመቻ ከፈቱ። ይህ ሁሉ ሲሆን ፊልሙ ገና ለዕይታ አልበቃም ነበር።

ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በኖቬምበር 2006፣ «ካዚኖ ሮያል» ለዕይታ በቃ። ፊልሙ በዓለም ዙሪያ ከ590 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። የዋጋ ንረት ሳይታሰብ ከዚያ በፊት ከተሠሩት የቦንድ ፊልሞች ሁሉ የላቀ ገቢ ነው። ክሬግም ለብሪታኒያ የፊልም አካዳሚ፣ ለባፍታ፣ የምርጥ ተዋናይ ሽልማት ታጨ። በቦንድ ሚና ለዚህ ዕጩነት የበቃ ተዋናይ ከእርሱ በፊት አልነበረም። ፀጉሩ ግን ያው ወርቃማ ነው። ቁመቱ አልጨመረም፤ ፊቱም አልተለወጠም። ታዲያ የተለወጠው ምንድን ነው?

የተለመደው መልስ «ጥሩ ስለተወነ ነው» የሚል ነው። መልሱ ስህተት ባይሆንም ጎደሎ ነው። ተመልካች ስለ አንድ መሪ ተዋናይ ሲናገር ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ትንፋሽ ይናገራል፦ ትዝታው ውስጥ ስላለው ምስል፣ ፊልሙ ከተዋናዩ ስለሚጠይቀው ሥራ፣ እና ራሱ ከፊልሙ ስለሚፈልገው ደስታ። የክሬግ ታሪክ እነዚህ ሦስቱ ሲደባለቁ ፍርድ እንዴት እንደሚዛባ፣ ሲለዩ ደግሞ እንዴት እንደሚጠራ ያሳያል።

ትዝታ እንደ መለኪያ

ከፊልሙ በፊት የነበረው ተቃውሞ ራሱን የገለጸው ለመጽሐፉ ታማኝ አድርጎ ነበር። ደራሲው ኢያን ፍሌሚንግ ቦንድን የሣለው ፀጉሩ ጥቁር አድርጎ ነውና ተቃዋሚዎቹ የሚጠቅሱት ነገር ነበራቸው። ነገር ግን ያው ፍሌሚንግ በቦንድ ቀኝ ጉንጭ ላይ ጠባሳም አስቀምጧል። ከ1962 ጀምሮ በተሠሩት የሲኒማ ፊልሞች ቦንድን የተጫወቱት ሰዎች ያን ጠባሳ አላደረጉትም፤ ለጠባሳው ተቆርቁሮ ዘመቻ የከፈተ ግን የለም። ሰባት ፊልም የሠራው ሮጀር ሙርም ፀጉሩ እንደ ከሰል የጠቆረ አልነበረም። እንግዲህ ሚዛኑ መጽሐፉ አልነበረም ማለት ነው። ሚዛኑ ከሾን ኮነሪ ጀምሮ በአርባ ዓመት ውስጥ በተመልካቹ አእምሮ ተደራርቦ የተሠራው ምስል ነው፦ ረጅም፣ ጠቆር ያለ ፀጉር፣ ሱፉ የማይጨማደድ፣ ተደብድቦም ክራባቱን አስተካክሎ የሚሄድ ሰው።

ኮነሪ ራሱም በተራው እንዲህ ተፈትኗል። «ዶክተር ኖ» ሲሠራ ደራሲው ፍሌሚንግ ይህ ከኤድንብራ የሠራተኛ ሰፈር የወጣ፣ ሰውነቱ የጠነከረ ስኮትላንዳዊ ለሚናው አይመጥንም የሚል ሐሳብ ነበረው። ፊልሙን ካየ በኋላ ግን ሐሳቡን ለወጠና በኋላ በጻፈው መጽሐፍ ለቦንድ ስኮትላንዳዊ አባት ሰጠው። ዛሬ ኮነሪ የቦንድ ሁሉ መለኪያ ነው። የትናንቱ የማይመጥን የዛሬ መለኪያ ከሆነ፣ ክሬግን በመልኩ የናቁት ሰዎች የያዙት ሜትር እንደምናስበው የጸና አልነበረም።

ስለዚህ ከፊልም በፊት የሚሰጥ አስተያየት ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ተመልካቹ ምን እንደሚወድ፣ ምን እንዳይነካበት እንደሚሰጋ ይነግረናል። ስለ ተዋናዩ ችሎታ ግን ምንም ሊነግረን አይችልም።

የተሰለቸ ቀመር

የክሬግን መመረጥ ለመረዳት ከእርሱ በፊት የነበረውን ፊልም ማየት ግድ ነው። በ2002 የወጣው የፒርስ ብሮስናን «ዳይ አናዘር ዴይ» ገቢው ከፍተኛ ነበር። ነገር ግን ቦንድ የማይታይ መኪና ይነዳል፤ በኮምፒውተር በተሠራ ማዕበል ላይ ይንሸራተታል። ብዙ ተመልካች ጀግናው አደጋ ላይ መሆኑን ማመን አቆመ። በዚያው ዓመት «ዘ ቦርን አይደንቲቲ» ወጣ። ማት ዴመን የተጫወተው ጄሰን ቦርን ድንቅ መሣሪያ የለውም፤ ያገኘውን እስክሪብቶ ይዞ ይታገላል፤ ይደማል፤ ይደክማል። የስለላ አክሽን ፊልም የሚወድ ሰው ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያይ የቦንድ ዓለም ከአሻንጉሊት ሱቅ የወጣ መሰለው።

ፕሮዲውሰሮቹ ባርባራ ብሮኮሊ እና ማይክል ዊልሰን መውጫውን ያገኙት ወደ መነሻው በመመለስ ነው። «ካዚኖ ሮያል» በ1953 የታተመ፣ የፍሌሚንግ የመጀመሪያው የቦንድ ልብ ወለድ ነው። የፊልም መብቱ ለረጅም ዘመን በሌሎች እጅ ቆይቶ ወደ እነርሱ የገባው በ1999 ነበር። ፊልሙ ቦንድን የሚያገኘው ገና ሲጀምር ነው። ይህ ውሳኔ ለተዋናዩ የተለየ ሥራ ፈጠረለት፤ የተጠናቀቀውን ቦንድ መምሰል ሳይሆን ሰውየው ቦንድ ሲሆን ማሳየት። እዚህ ላይ ነው የመልክ ክርክር ዋጋ ያጣው። ገና ያልተሠራን ሰው «አልመሰለም» ብሎ መክሰስ አይቻልም።

ፊልሙ የጠየቀው ሥራ

ዳይሬክተሩ ማርቲን ካምቤል ነው፤ በ1995 ብሮስናንን በ«ጎልደንአይ» ያስተዋወቀው እርሱ ነበር። የለውጡን ምንነት በሦስት ትዕይንቶች ማየት ይቻላል።

የመጀመሪያው ማዳጋስካር ውስጥ የሚካሄደው የእግር ማሳደድ ነው። የሚሸሸው ቦምብ ሠሪ በፓርኩር ጥበብ ታዋቂ በሆነው ሴባስቲያን ፉካን የተሠራ ነው። ሰውየው ከግድግዳ በላይ ባለች ጠባብ ቀዳዳ እንደ ወፍ ሾልኮ ያልፋል። ቦንድ ደርሶ ቀዳዳዋን አይሞክራትም፤ ግድግዳውን በደረቱ ሰብሮ ይወጣል። አንድም ቃል ሳይነገር ተመልካቹ ይህ ሰው ማን እንደሆነ ያውቃል፦ ኃይለኛ፣ ግትር፣ ብልሃት የሚጎድለው፣ ወደኋላ የማይል። ከተቃዋሚዎቹ አንዳንዶቹ «ወሮበላ ይመስላል» ያሉት ፊት ለዚህ ቦንድ ትክክለኛው ፊት ሆነ።

ሁለተኛው በደረጃ ላይ ከሚፈጸመው ግድያ በኋላ ያለው ነው። ቦንድ ሁለት ሰዎችን በእጁ ገድሎ ወደ ክፍሉ ይገባል። ደሙን ይታጠባል፤ መጠጡን በአንድ ጉንጭ ይጨልጣል፤ መስተዋት ውስጥ ራሱን ያያል። ክሬግ እዚህ ፊቱን አያኮሳትርም፤ ትንፋሹን ብቻ ያረጋጋል። ቆይቶ ኢቫ ግሪን የተጫወተቻትን ቬስፐር ሊንድን ከነልብሷ ሻወር ሥር ተቀምጣ ስትንቀጠቀጥ ያገኛታል። እርሱም ከነሸሚዙ አጠገቧ ይቀመጣል። በቀደሙት ብዙ ፊልሞች ሰው ከተገደለ በኋላ ቀልድ ነበር የሚከተለው፤ እዚህ ግን መግደል ዋጋ ያስከፍላል። ይህን ትዕይንት ያየ ተመልካች ስለ ፀጉር ቀለም የሚያስብበት ፋታ አያገኝም።

ሦስተኛው መጨረሻው ነው። ቬስፐር ከድታው፣ ቬኒስ ውስጥ በሚሰምጥ ሕንፃ ሞታለች። ቦንድ ጣልያን ውስጥ ሐይቅ ዳር የሚፈልገውን ሰው እግሩን መትቶ ከጣለው በኋላ ታዋቂውን የስም መግለጫ ይናገራል። የዴቪድ አርኖልድ ሙዚቃም የቦንድን ዋና ዜማ ሙሉ አድርጎ የሚለቀው ያኔ ነው። ከሁለት ሰዓት በላይ ተመልካቹ እየጠበቀ የተነፈገው ነገር በመጨረሻው ደቂቃ ይሰጠዋል። ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው ተብሎ የተለቀቀው ተዋናይ ስሙን ያገኘው ጋልቦ ከጨረሰ በኋላ ነው።

ያልረኩት ተመልካቾች

ፊልሙን አይተው ያልወደዱት ሰዎች ክርክር ግን ከፊልሙ በፊት ከነበረው ጋር አንድ አይደለም፤ በቁም ነገር መሰማት አለበት። አንዳንዶቹ የሚሉት ጨዋታው ጠፋ ነው። ሮጀር ሙርን የወደደ ሰው ወደ ሲኒማ የሚሄደው ለመሳቅ፣ የመሣሪያ ሊቁን ኪውን ለማየት፣ ዓለምን ቀለል አድርጎ ለመውጣት ነው፤ በዚህ ፊልም ግን ኪውም ሆነ ጸሐፊዋ መኒፔኒ የሉም። ይህ የጣዕም ጥያቄ ነው፤ ጣዕሙ የቀረበት ሰው ቅሬታው እውነተኛ ነው።

ሌሎቹ ስለ ርዝመቱ ያነሣሉ። ፊልሙ 144 ደቂቃ ነው። መሐሉ በፖከር ጠረጴዛ ዙሪያ የተያዘ ሲሆን፣ ማድስ ሚኬልሰን የተጫወተው የአሸባሪዎች ባንከኛ ለ ሺፍር ከሞተ በኋላም ታሪኩ ገና ብዙ ይቀጥላል። የካርታውን ሕግ ለማያውቅ ተመልካች ያ ክፍል ይከብዳል። እኔ ግን ከለ ሺፍር ሞት በኋላ ያለው ክፍል ባይኖር ኖሮ የቬስፐር ክህደት ክብደት አይኖረውም ነበር እላለሁ፤ ቦንድ መጀመሪያ ጋሻውን ካላወለቀ መልሶ ሲለብሰው አናይም።

እኛ አፍሪካውያን ተመልካቾች ልናነሣው የሚገባ ሌላ ቅሬታ አለ፤ በቂ ትኩረትም ያገኘ አይመስለኝም። ፊልሙ ውስጥ አፍሪካ የምትታየው በዑጋንዳ ጫካ ያለ ሽፍታ መሪ ገንዘቡን ለአሸባሪዎች ባንከኛ ሲያስረክብ፣ ማዳጋስካር ውስጥ ቦምብ ሠሪ ሲሸሽ፣ እና ናምቡቱ የምትባል የሌለች አገር ኤምባሲ ሲጋይ ነው። የሽፍታውን መሪ የሠራው አይቮሪኮስታዊው ኢሳክ ደ ባንኮሌ ብርቱ ተዋናይ ነው፤ የተሰጠው ግን ማስፈራራትና መሞት ብቻ ነው። ቦንድን ከተረት አውጥተን ወደ ሰው አቀረብነው ያለ ፊልም ይህን ቅርበት ለአፍሪካውያን ገጸ ባህሪያት አላካፈለም። ይህ የክሬግን ትወና አይቀንስም፤ የፊልሙን ክብር ግን ይቀንሳል።

አንድ ተዋናይ፣ አምስት ፍርድ

ክሬግ ቀጥሎ አራት ፊልሞች ሠርቷል፤ አስተያየቱም ከፊልም ፊልም ወጥቷል፣ ወርዷል። «ኳንተም ኦፍ ሶላስ» በ2008 የወጣው የሆሊውድ ጸሐፊዎች የሥራ ማቆም አድማ የድርሰቱን ሥራ ካደናቀፈው በኋላ ነው፤ ተመልካቹም ታሪኩ ሳሳብኝ አለ። በ2012 «ስካይፎል» ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ በማስገባት የመጀመሪያው የቦንድ ፊልም ሆነ። በ2015 «ስፔክተር» ብዙዎችን አላረካም። በ2021 «ኖ ታይም ቱ ዳይ» ቦንድን በመጨረሻው ገደለው፤ አንዱ ወገን የሚገባውን ስንብት አገኘ ሲል ሌላው የማይሞተውን ገደሉብን ብሎ አዘነ። ተዋናዩ አንድ ነው፤ ትጋቱም አልተለየም። ፍርዱን የለዋወጠው በአብዛኛው ድርሰቱ ነው። «ክሬግ ደከመ» ከምንልባቸው ጊዜያት ብዙዎቹ የጽሑፉ ድካም የታየባቸው ናቸው።

ጊዜም ይፈርዳል። በ1969 አንድ ፊልም ብቻ ሠርቶ የወጣው ጆርጅ ላዘንቢ በዘመኑ ቢናቅም፣ ሙሽራይቱ ተገድላ የሚያልቀው ፊልሙ ዛሬ ከምርጦቹ የሚቆጥሩት ብዙ ናቸው። በ1987 እና በ1989 ቦንድን ጨከን፣ ኮስተር አድርጎ የሠራው ቲሞቲ ዳልተን የተወቀሰበት ጠባይ፣ ክሬግ ሲያሳየው ተመሰገነበት። ዳልተን የቀረበው ቀልዱን ገና ላልጠገበ ተመልካች ነበር፤ ክሬግ ግን በቀልዱ ለተሰለቸው ደረሰለት። ስለዚህ የመሪ ተዋናይ ዕጣ ከችሎታው ባሻገር የተመልካቹ ፍላጎት በየት ወቅት ላይ እንዳለም ይወሰናል።

ይህ ጉዳይ በቅርቡ ተመልሶ ይመጣል። በ2025 አማዞን ኤምጂኤም የቦንድን የፈጠራ ሥልጣን ከብሮኮሊና ከዊልሰን ተረክቧል፤ ለቀጣዩ ፊልምም ዴኒ ቪልኑቭ ዳይሬክተር ሆኖ ተሰይሟል። ሰባተኛው ተዋናይ ሲገለጽ ስለ ዕድሜው፣ ስለ ቁመቱ፣ ስለ መልኩ ሙግት መነሣቱ አይቀርም። በዚያን ጊዜ አንባቢን የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ፊልሙን አይተን ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ። ድርሰቱ ይህን ተዋናይ ምን እንዲሠራ አዘዘው? የታዘዘውን ሠራው ወይ? እኔ ያልረካሁት እርሱ ስላልቻለ ነው ወይስ የፈለግሁት ሌላ ዓይነት ፊልም ስለነበር? ለእነዚህ የሚመልስ ተመልካች ቢወድም ቢጠላም አስተያየቱ ክብደት አለው። ክሬግ በ2005 የተነፈገው ይህን ያህል ፍትሕ ነበር፤ የሚቀጥለው ሰው አይነፈገው።