ጾመኛው ክንዱን ሲያመው

ረመዳን በገባ ቁጥር በጤና ጣቢያ ደጃፍም በቤት ውስጥም ተደጋግሞ የሚነሳ ጥያቄ አለ፤ «መርፌ ጾም ያስፈታል ወይ?» የሚል። ሁለተኛው ጥያቄ የሚመጣው ግን ከመርፌው ማግስት ነው። ሱሁር ተበልቷል፣ ፈጅር ተሰግዷል። ትናንት ክትባት የወሰደው አባወራ ወደ ሽንኩርት ማሳው ሊወጣ ሲል ክንዱ ከብዶታል፤ አካፋውን ሲያነሳ ትከሻው ሥር ይወጋዋል። እስከ መግሪብ 13 ሰዓት ያህል ይቀራል፣ ክኒን መዋጥም አይቻልም። ታዲያ ምን ይደረግ?

በወረታና በፎገራ ሜዳ ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም። ረመዳን በእነዚህ ዓመታት የሚውለው ሩዙ ከተሰበሰበ በኋላ፣ የርብና የጉማራ ውኃ በሞተር እየተሳበ ሽንኩርትና ቲማቲም በሚለማበት በጋ ነው። ሥራው የክንድ ሥራ ነው። በቤት ውስጥም ቢሆን ጀሪካን የምታነሳው፣ ሊጥ የምታቦካው፣ ለኢፍጣር ሾርባና ሳምቡሳ የምታዘጋጀው እናት ክንዷን ማሳረፍ አይመቻትም። «መርፌው ክንዴን ያዘኝ» የሚለው ቅሬታ ወደ «ልጆቹን አላስከትብም» የሚሸጋገረውም እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ስለ ሕመሙ አስቀድሞ ማወቅ ይበጃል።

በመጀመሪያ የጾሙን ነገር እንይ። ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1997 በጅዳ ባደረገው አሥረኛ ጉባኤው ሕክምናና ጾምን አስመልክቶ ውሳኔ አሳልፏል። በቆዳ ሥር፣ በጡንቻ ወይም በደም ሥር የሚሰጥ መርፌ ምግብነት ያለው ካልሆነ በቀር ጾምን አያበላሽም ብሏል። ክትባት ደግሞ ምግብ አይደለም፤ በጡንቻ የሚገባውም ግማሽ ሚሊ ሊትር ያህል ፈሳሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የኮቪድ ክትባት በዓለም ዙሪያ መሰጠት በጀመረበት ረመዳን የሳዑዲ ዐረቢያ ታላቁ ሙፍቲም የግብፁ ዳር አልኢፍታእም በክንድ የሚሰጠው መርፌ ጾም አያስፈታም ሲሉ ገልጸዋል። በአፍ የሚወሰዱት ግን ከዚህ ይለያሉ። የኮሌራ ክትባት የሚጠጣ ነው፤ የፖሊዮ ጠብታም በአፍ ይገባል። ጠብታው ለጨቅላ ሕፃናት ስለሆነ ብዙም አያሳስብም። የኮሌራ ዘመቻ በረመዳን ቢመጣ ግን ጾመኛው ከኢፍጣር በኋላ የሚወስድበትን መንገድ ከባለሙያዎቹ ጋር መመካከር ይችላል።

በአገራችን ጾምና ክትባት ጎልተው የተገናኙት በ2013 ዓ.ም. ነበር። የመጀመሪያው 2.2 ሚሊዮን ገደማ ዶዝ የአስትራዜኔካ ክትባት የካቲት 28 ቀን አዲስ አበባ ገባ። መጋቢት 4 ቀን በኤካ ኮተቤ ሆስፒታል መሰጠት ተጀመረ፤ ሚያዝያ 5 ቀን ደግሞ ረመዳን ገባ። ከጤና ባለሙያዎች ቀጥሎ ቅድሚያ የተሰጠው ለአረጋውያንና ሥር የሰደደ ሕመም ላለባቸው ስለነበር በየቤቱ መጀመሪያ ወደ ክትባት የተጠሩት አያቶች ነበሩ። ክንድ በማሳመም ደግሞ ያ ክትባት የታወቀ ነው። በክትባቱ ጥናት ከተሳተፉት ከ100 ሰዎች 64 ያህሉ መርፌው ያረፈበት ቦታ ሲነካ እንደሚያማቸው ተናግረዋል። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ደግሞ ድካምና ራስ ምታት ነበራቸው። እንግዲህ የታመመው ክንድ የብዙኃኑ ክንድ ነበር ማለት ነው። ይህን አስቀድሞ የሰማ ሰው ብዙም አይደነግጥም፤ ያልሰማው ግን «ምን ወጉኝ?» ብሎ ሌሊቱን ሲጨነቅ ያድራል።

ሕመሙ ከየት ይመጣል? መርፌው የትከሻን ቅርጽ የሚሰጠው ወፍራም ጡንቻ ውስጥ ይገባል። የሰውነት ወታደሮች እንግዳ ነገር ማየታቸውን ወዲያው ያውቃሉ። ወደ ቦታው ደም ይበዛል፣ መከላከያ ሕዋሳት ይሰበሰባሉ፣ ሌሎችን የሚጠሩ ንጥረ ነገሮችም ይለቀቃሉ። እብጠቱ፣ ሙቀቱና ሕመሙ የዚህ ጥሪ ውጤት ነው። እንደ መንጋጋ ቆልፍና እንደ ማህፀን በር ካንሰር መከላከያ ባሉት ክትባቶች ውስጥ ይህን ጥሪ የሚያጎላ ጥቂት የአልሙኒየም ጨው ስለሚጨመር ክንዱ ጠንከር ብሎ ሊያም ይችላል። ሕመሙ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይጀምራል፣ በአንድ ቀን ገደማ ይበረታል፣ አብዛኛውን ጊዜ በሁለትና በሦስት ቀን ይለቃል። ያልታመመ ሰውም ክትባቱ አልሠራልኝም ብሎ አይስጋ፤ የሕመሙ ብዛትና የመከላከል አቅሙ አንድ አይደሉም።

እንግዲህ ለጾመኛ የሚበጀው ከመርፌው በፊት ይጀምራል። ቀጠሮው የሚመረጥ ከሆነ ከሰዓት በኋላ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት አካባቢ መሄድ ይመረጣል። ሕመሙ ሲጀምር ኢፍጣር ይደርሳል፤ ውኃም ማስታገሻም የሚፈቀድበት ሌሊት ከፊት አለ። ማግስቱ ከባድ የማሳ ሥራ የሌለበት ቀን ቢሆን ደግሞ ይሻላል። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው ግራ ክንዱን ይስጥ። ቴምሩን የሚያነሳው፣ እንጀራውን የሚቆርሰው ቀኝ እጅ ነውና ይህ በረመዳን ትርጉሙ ብዙ ነው። መርፌው ሲገባ ክንድን ማጠንከር ሕመሙን ስለሚያብስ እጅን ለቀቅ አድርጎ ማሳረፍ ጥሩ ነው።

ቀን ላይ ጾም ሳይፈታ የሚደረግ ነገርም አለ። ንጹሕ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውኃ ነክሮ፣ ጨምቆ፣ በቦታው ላይ ለአሥርና ለአሥራ አምስት ደቂቃ ማሳረፍ። በረዶ አያስፈልግም፤ የእንስራ ውኃ ይበቃል። ከዚህ ቀጥሎ የሚረዳው ማንቀሳቀስ ነው። ብዙ ሰው ክንዱን በነጠላ አስሮ ያስቀምጣል፤ የተቀመጠ ጡንቻ ግን ይበልጥ ይደርቃል። ቀስ እያሉ ወደ ላይ ማንሳት፣ ትከሻን ማዞር፣ ጣትን መዘርጋትና መጨበጥ ደሙን ያንቀሳቅሳል። ሰጋጅ እዚህ ላይ ዕድለኛ ነው፤ ለተክቢራ እጁን ወደ ጆሮው ያነሳል፣ በሱጁድ መዳፉን መሬት ላይ ያሳርፋል። በእነዚያ ሁለት ቀናት ይህ ደህና የክንድ ማፍታቻ ይሆናል። እጅግ ያመመው ሰው ደግሞ ክንዱ እስከሚችለው ድረስ ያንሳ፤ ራሱን ማስጨነቅ አይጠበቅበትም። ውኃ መሳብና ጆንያ መሸከም ግን ለሁለት ቀን ለሌላው የቤት ሰው ቢተው ይሻላል።

ሌሊቱ የማስታገሻ ጊዜ ነው። ለአዋቂ ሰው ባለ 500 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል አንድ ወይም ሁለት ፍሬ ከኢፍጣር በኋላ፣ ካስፈለገም በሱሁር ሰዓት እንደገና መውሰድ ይቻላል። ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ስለሚሆን በመካከሉ በቂ ጊዜ አለ። በ24 ሰዓት ውስጥ ከስምንት ፍሬ ማለፍ ግን ጉበትን ይጎዳል፤ የጉበት ሕመም ያለበት ሰው ቀድሞ ባለሙያ ይጠይቅ። «እንዳያመኝ» ብሎ ከክትባቱ በፊት መዋጥም አይመከርም። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን በየፋርማሲው በቀላሉ ይገኛሉ፤ ቀኑን ሙሉ ባዶ ለዋለ ጨጓራ ግን አይስማሙም፤ ጨጓራና ኩላሊት ያመመውማ ባይነካቸው ይሻላል። ለልጆች አስፕሪን አይሰጥም፤ የፓራሲታሞሉ መጠንም በክብደታቸው ይለካል። በኢፍጣርና በሱሁር መካከል ውኃ በርከት አድርጎ መጠጣት ራስ ምታቱን ያቀልለዋል፤ ጠዋት ላይ ያለው ድካም ከክትባቱ ይልቅ ከውኃ ጥም የሚመጣበት ጊዜ ብዙ ነው።

አያቶች ለታመመ ክንድ ቅቤ ይቀባሉ፣ ያሻሉ። ፍቅራቸው ደግ ነው፤ መርፌ የገባበትን ቦታ ግን ጠንክሮ ማሸት እብጠቱን ያብሰዋል። ቅጠል መለጠፍም ሆነ በቦታው ላይ ዋግምት ማድረግ ቁስል ይፈጥራል፤ ቁስል ደግሞ ተውሳክ ያስገባል። የሳንባ ነቀርሳ መከላከያ የወሰደ ሕፃን ክንዱ ላይ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ትንሽ እብጠት ወጥቶ ሊፈነዳ ይችላል። እሱም የሚጠበቅ ነውና ምንም ሳይቀቡ በንጽሕና መተው ነው።

በፎገራ ላይ አጥብቄ የምናገረው ስለ ትኩሳት ነው። ክትባት ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለትን ሊያመጣ ይችላል፤ ግን በአንድ፣ ቢበዛ በሁለት ቀን ውስጥ ይለቃል። ፎገራ ደግሞ በጣና ዳር ያለ፣ ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ሞልተው የሚተኙበት፣ በበጋም መስኖ የማይለየው የወባ አገር ነው። ሰው በሰኞ ተከትቦ በረቡዕ ቢንቀጠቀጥ «የመርፌው ነው» ብሎ መጋረጃ ስቦ መተኛት ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። ትኩሳቱ ከሁለት ቀን ካለፈ፣ ወይም ለቅቆ ከተመለሰ፣ በተለይም በሕፃንና በነፍሰ ጡር ላይ ከሆነ በዚያው ቀን ለደም ምርመራ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። ጣትን ወግቶ የሚደረገው የወባ ምርመራ ጾም አያስፈታም። ወባ ከተገኘ ደግሞ መድኃኒቱን መጀመር እንጂ ኢፍጣርን መጠበቅ አይገባም፤ ለታመመ ሰው ጾሙን ፈትቶ በሌላ ቀን መተካት ቁርኣን በአልበቀራ ምዕራፍ የፈቀደው ነው።

ወደ ጤና ጣቢያ የሚያስኬዱ ሌሎች ምልክቶችም አሉ። መቅላቱና እብጠቱ ከአንድ ቀን በኋላ እየሰፋ ከሄደ ወይም መግል ከያዘ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ክንዱን ከሳምንት በኋላም ማንሳት ያቃተው ሰው መርፌው ወደ ትከሻ መጋጠሚያው ከፍ ብሎ ገብቶበት ይሆናል፤ ይታይ። የፊት ማበጥ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ሰውነትን የሚያሳክክ ሽፍታ ከመጣ ደግሞ አንድ ደቂቃም አይጠበቅም። ይህ ሲከሰት አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሆነ ነው ከክትባት በኋላ 15 ደቂቃ፣ ቀድሞ አለርጂ የነበረበት ደግሞ 30 ደቂቃ በዚያው ተቀምጦ እንዲቆይ የሚጠየቀው። ከብብት ሥር የምትወጣ ትንሽ እጢ ግን የመከላከያ ሕዋሳቱ ሥራ ናት፤ በራሷ ትጠፋለች።

ስለ ሴት ልጆቻችንም አንድ ነገር ልበል። የማህፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት በኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. የ14 ዓመት ልጃገረዶችን ይዞ በትምህርት ቤቶች ተጀመረ፤ ኋላም ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት በአንድ መርፌ እንዲሰጥ ሆነ። ይህ ካንሰር በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታይ ነው። በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች መርፌ ሲያዩ ራሳቸውን መሳታቸው የታወቀ ነው፤ ከመርፌው ፍርሃት እንጂ ከመድኃኒቱ አይደለም። ጾመኛ ከሆነች፣ ሱሁር ሳትበላ ካደረች፣ በፀሐይ ተሰልፋ ከቆመች ደግሞ ይብስባታል። አንዲት ልጅ በክፍል ጓደኞቿ ፊት ስትወድቅ ሌሎቹም እያዩ ይከተላሉ። ማታ በየቤቱ የሚደርሰው ወሬ «ክትባቱ ልጆቹን ጣላቸው» የሚል ይሆናል፤ ያ ወሬ አንድን ቀበሌ ለዓመታት ከክትባት ሊያርቅ ይችላል። መድኃኒቱ ግን ቀላል ነው፦ በዋዜማው ሱሁር በደንብ መብላትና መጠጣት፣ ተቀምጣ ወይም ጋደም ብላ መከተብ፣ ከዚያም ሩብ ሰዓት በጥላ ሥር መቆየት። ወላጅ በጾሙ ወር ልጁ እንደምትከተብ ካወቀ ለመምህሩ ወይም ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ «ልጄ ጾመኛ ናት» ብሎ መንገር ይበቃል። በእነዚህ ሳምንታት የዐቢይ ጾም ስለሚገጥም ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም ባዶ ሆዳቸውን የሚሰለፉ ልጆች አሏቸው፤ ምክሩ ለእነርሱም ይሠራል።

ነፍሰ ጡር እናቶች የሚወስዱት የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ክንድ የሚያሳምም ነው። ይሁንና ከብትና አፈር በማይለይበት በፎገራ ቤት ይህን ክትባት ለክንድ ሕመም ብሎ መተው አያዋጣም። የጨቅላ ሕፃን መንጋጋ ቆልፍ ንጹሕ ባልሆነ ምላጭ ከተቆረጠ እትብት የሚገባ፣ ሕፃኑ ጡት መጥባት አቅቶት የሚሞትበት በሽታ ነው። ኢትዮጵያ የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት መንጋጋ ቆልፍን ማስወገዷ በ2009 ዓ.ም. በዓለም ጤና ድርጅት የተረጋገጠው እናቶች ያንን ሕመም ችለው ስለተከተቡ ነው። በጊዜያቸው የተወሰዱ አምስት መርፌዎች ለመላው የመውለጃ ዘመን ይበቃሉ። ነፍሰ ጡርና አጥቢ እናት ለራሷ ወይም ለልጇ ከፈራች ከጾም እፎይታ እንዳላት የታወቀ ስለሆነ ማስታገሻውን ቀን ላይ ብትወስድ የሚወቅሳት የለም።

በመጨረሻም ለዑምራ ወይም ለሐጅ የሚዘጋጁ ቤተሰቦች። ሳዑዲ ዐረቢያ ከመንገደኞች ሁሉ የአራት ዓይነት ማጅራት ገትር መከላከያ ትጠይቃለች። እ.ኤ.አ. በ1987 በሐጅ ወቅት የተነሳው የማጅራት ገትር ወረርሽኝ ከተጓዦች ጋር ወደየአገሩ ተሻግሮ ነበር፤ በቀጣዮቹ ዓመታትም ሱዳንንና ኢትዮጵያን ከባድ ወረርሽኝ መትቷቸዋል። ክትባቱ ከመድረሻው ቀን ቢያንስ 10 ቀን አስቀድሞ መወሰድ አለበት፤ የቢጫ ወባውም እንዲሁ ከ10 ቀን በፊት። ስለዚህ በረመዳን መጨረሻ ዑምራ የሚሄድ ሰው መርፌውን በወሩ መጀመሪያ፣ ምናልባትም በሁለት ክንዱ ሊወስድ ነው። ሁለቱም ክንድ በአንድ ሌሊት ቢያምም ሻንጣ ከመሸከሙ በፊት ይለቃል፤ በመጨረሻው ሳምንት የወሰደ ግን የታመመ ክንድ ይዞ ኤርፖርት ደርሶ በካርዱ ላይ ቀኑ አልሞላም ተብሎ ሊመለስ ይችላል። ካርዱ ላይ ቀን፣ ፊርማና ማኅተም መኖሩን ከጤና ተቋሙ ሳይወጡ ያረጋግጡ፤ ከፓስፖርቱ ጋርም አብረው ያስቀምጡት።